እያንዳንዱ ኪሎ ባለቤት አለው

መቼም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰው መኪና ሲፈታ ከታየ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። "ተበላሸች እንዴ?" ወይም "ልትሸጣት ነው?"። ሦስተኛ ጥያቄ የለም። ባለፈው ሰሞን ግን እኛም ሦስተኛ ጥያቄ ለመፈልሰፍ ተገደድን። አንድ ጓደኛችን ከአባቱ የወረሳትን አሮጌ ቮልስ ግቢው መሃል አቁሞ፣ መጀመሪያ ስኮርታዋን፣ ቀጥሎ ክሪኳን፣ ቀጥሎ ምንጣፏን፣ በመጨረሻም የኋላ ወንበሯን እያወጣ ሣሩ ላይ ይደረድራል። መኪናዋ አልተበላሸችም። ለሽያጭም አልቀረበችም። "ታዲያ ምን እያደረግክ ነው?" ስንለው፣ ቀና እንኳ ሳይል "ክብደት እየቀነስኩላት ነዋ!" አለን።

ሳቅን። ለምን እንዋሻለን፣ ከልባችን ነው የሳቅነው። አንዷችንማ "እሷን ትተህ አንተ ብትቀንስ አይቀልህም?" ብላዋለች። (ይህች ቀልድ ከታሪክ ጋር ዝምድና እንዳላት ያወቅነው ኋላ ነው፤ እንመለስባታለን።)

ጓደኛችን ግን አልሳቀም። ሕልሙ ቀላል ነው፤ አንድ ቀን፣ በሕጋዊ ቦታ፣ አሮጌ መኪና ካላቸው መሰሎቹ ጋር መወዳደር። መኪናዋ ታርጋዋ እንዳለ፣ ቦሎዋ እንደተለጠፈ፣ ቅዳሜ ተወዳድራ ሰኞ ገበያ የምትሄድ። ለዚህ ደግሞ ሞተር የሚያጎለብትበት ገንዘብ የለውም። ያለው አንድ የመፍቻ ሳጥን ነው። ስለዚህ ይፈታል።

እኛም ቤታችን ገብተን ማንበብ ጀመርን። አንብበን ስንጨርስ ሳቃችን ቀርቶ ነበር። ልጁ እብድ አይደለም፤ እብድ ነው ቢባል እንኳ ከ70 ዓመት በላይ ታሪክ ያለው እብደት ነው። እስቲ አብረን እንየው። (ከዚህ በታች "ዓ.ም." ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ርካሽ መኪና የወለደው ስፖርት

የመኪና ውድድር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ፎርሙላ ዋን ነው፤ ሚሊዮን ዶላር፣ ሻምፓኝ፣ ቀይ ፌራሪ። ከዚያ ሥር ግን ሌላ ዓለም አለ፤ የክለብ ውድድር የሚሉት። ሰኞ ሥራ የሚገባ መምህር፣ መካኒክ፣ ተማሪ የራሱን አሮጌ መኪና ይዞ የሚወዳደርበት ዓለም። ይህ ዓለም በሀብት አልተወለደም። የተወለደው ማንም በማይፈልጋቸው አሮጌ መኪኖች ነው።

እንግሊዞች ኦስቲን ሰቨን የምትባል ትንሽ መኪና ነበረቻቸው። ከ1922 እስከ 1939 ድረስ ወደ 290 ሺህ ያህል ተመርታለች። ሞተሯ 747 ሲሲ ብቻ ነው፤ ዛሬ በየመንገዱ ከምናያቸው ትልልቅ ሞተር ብስክሌቶች የአንዳንዶቹን አያክልም። በ1939 የዚህች መኪና ወዳጆች ተሰብስበው ሰቨን ፊፍቲ ሞተር ክለብን መሠረቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ደህይታ ነበር። ቤንዚን በራሽን ነው፣ አዲስ መኪና ማግኘት ጭንቅ ነው። አሮጌ ኦስቲን ግን በየጓሮው ወድቋል። ክለቡ ታዲያ አንድ ብልህ ሐሳብ አመጣ፤ የኦስቲን ሰቨንን ሻንሲና ሞተር ይዞ፣ ከባዱን ገላዋን አውልቆ ጥሎ፣ ቀላል ገላ አልብሶ መወዳደር። "750 ፎርሙላ" ተባለ።

ከዚህ ጎራ ከወጡት አንዱ ኮሊን ቻፕማን ነው። ለንደን ውስጥ የምሕንድስና ተማሪ ሳለ፣ በ1948 አንዲት የ1928 ኦስቲን ሰቨን ይዞ ከፍቅረኛው ወላጆች ቤት ጀርባ ባለች ጋራዥ ውስጥ ገባ። አሮጌውን ገላ አንስቶ በኮምፔንሳቶና በአልሙኒየም ለበጠላት። የመጀመሪያዋ ሎተስ ይህች ናት። በ1951 የሠራት ሦስተኛዋ ደግሞ በ750 ፎርሙላ ተፎካካሪዎቿን አስከንድታ ሄደች። ሎተስ ከዚያ በኋላ በፎርሙላ ዋን ሰባት ጊዜ የአምራቾች ሻምፒዮን ሆናለች። የቻፕማን ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፤ ጉልበት ብትጨምር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ትፈጥናለህ፣ ክብደት ብትቀንስ ግን ሁሉም ቦታ ትፈጥናለህ። ስትነሳ፣ ስትታጠፍ፣ ፍሬን ስትይዝ።

ከዓለም ማዶ፣ ኒውዚላንድ ውስጥም አንድ የጋራዥ ባለቤት በቁርጥራጭ የገዛት ኦስቲን ሰቨን ነበረች። ልጁ ገጣጠማትና በ1952፣ ገና በጉርምስናው፣ የመጀመሪያ የዳገት ውድድሩን ሮጠባት። የልጁ ስም ብሩስ ማክላረን ይባላል። አዎ፣ ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ የምናየው የማክላረን ቡድን ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው።

ጣሊያኖችስ? እኛ ሴይቼንቶ የምንላትን ፊያት 600 ታውቋታላችሁ። በ1955 የወጣች፣ 633 ሲሲ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ከ600 ኪሎ በታች የምትመዝን ሚጢጢ። ካርሎ አባርት የሚባል ሰው ቱሪን ላይ ይህችን የቤተሰብ መኪና እየወሰደ ተወዳዳሪ አደረጋት። አባርት በ1965 ሞንዛ ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሊሰብር ሲነሳ፣ አዲሷ መኪናው ጠባብ ሆና አላስገባው አለች። ምን አደረገ መሰላችሁ? ፖም እየበላ ወደ 30 ኪሎ ቀነሰ! ገባ፣ ነዳ፣ ክብረ ወሰኑንም ሰበረ። የጓደኛችን ላይ የተወረወረችው ቀልድ እንግዲህ ቀልድ ብቻ አልነበረችም ማለት ነው።

ክብደት የመቀነስ ነገር አፈ ታሪክም አያጣም። የመርሴዲስ ቡድን መሪ የነበረው አልፍሬድ ኖይባወር በ1934 መኪናቸው ከተፈቀደው 750 ኪሎ አንድ ኪሎ በልጦ ስለተገኘ፣ ሌሊቱን ነጩን ቀለም ፍቀው ብር የመሰለውን አልሙኒየም ይዘው እንደወጡ ያወራ ነበር። "የብር ቀስቶች" የሚለው ስም ከዚያ መጣ ይባላል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን በዚያ ውድድር የ750 ኪሎው ደንብ ጭራሽ አልነበረም ብለው ወሬውን ጥርጣሬ ውስጥ ከተውታል። ጥሩ ወሬ ነበር...

ክብደቱን ማን አስገባው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ጠየቅን። ሁሉም ክብደት አውጪ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ማን አስገባው? መሐንዲሶቹ ሞኞች ነበሩ?

አልነበሩም። ለዚህ ምስክር የምትሆነን ለዓመታት ሰማያዊና ነጭ ለብሳ አዲስ አበባን ስታመላልስ የኖረችው ላዳ ናት። ላዳ በመሠረቷ ጣሊያናዊት ናት፤ ፊያት 124። ሶቭየቶች ፈቃዱን ገዝተው በ1970 ማምረት ሲጀምሩ ግን እንዳለች አልወሰዷትም። የአገራቸው መንገድ ጎርባጣ፣ ክረምታቸው ጨካኝ ነው። ስለዚህ ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን ጭቃ በሚችል ታምቡር ለወጡት። ያቺ ቀልጣፋ ጣሊያናዊት ብዙ አሥር ኪሎዎች ጨመረች። ያንን ኪሎ ያስገባው መንገዱ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም ትመስክር። በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በመጀመሪያ ዓመታቱ መኪኖችን የሚመድበው በዋጋቸው ነበር፤ ከሱቅ እንደወጣች አቅርብ ነው ነገሩ። በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው ማን ናት? ቮልስ! በሳፋሪ ሾፌሮች ዘንድ ግን ማቅለል የሚባል ፈሊጥ ብዙም ቦታ አልነበረውም። እንዲያውም ከሞተር ሥር የብረት ጋሻ፣ ከፊት የአውሬ መከላከያ፣ ትርፍ ጎማ ይጨምሩ ነበር። ጭቃ ውስጥ ተሰብራ የምትቀር ቀላል መኪና ከማንም አትፈጥንም።

እኛ ዘንድ ደግሞ መኪናው ከመንገዱ ቀድሞ ነው የመጣው። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊና አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ በየፊናቸው ለአጼ ምኒልክ መኪና ይዘው አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ የመጡበት የመኪና መንገድ አይደለም። በኋላ ጣሊያኖች አሥመራ ጎዳናዎች ላይ በ1930ዎቹ መጨረሻ መኪና አሽቀዳድመዋል፤ በንጉሡ ዘመንም የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር ነበረን። የጣሊያኖቹ ትዝታ ከጎዳናው ይልቅ ጋራዡ ውስጥ ነው የቀረው። ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ... መካኒኮቻችን መፍቻ ባነሱ ቁጥር ሳያውቁት ጣሊያንኛ ይናገራሉ።

የጎጃም ሰው ግን ስለ ክብደት መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም። ዓባይ በረሃ አለለት። ከደጀን ተነስቶ እስከ ድልድዩ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ሽቅብ። በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በ2008 ሲመረቅ ወንዙን መሻገር ቀለለ፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ቁልቁለት ነው። መኪና ሲወርድ ክብደቱ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይከፈላል። እጥፍ የከበደ መኪና እጥፍ ሙቀት ነው። ያ የተቃጠለ የፍሬን ሽታ በአውቶቡስ መስኮት ገብቶ ያላፈናችሁ ማርቆሴ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።

የማርቆስ አየር ሂሳብ

ጓደኛችን ሌላም ነገር ነግሮናል፤ "እዚህ ከተማ ክብደት መቀነስ ለንደን ውስጥ ከመቀነስ ይበልጣል" ይላል። መጀመሪያ ጉራ መስሎን ነበር። ሂሳቡን ስንሠራው ግን እውነቱን ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 450 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል ይላሉ መካኒኮች። በዚህ ስሌት ማርቆስ ላይ ከአራት ፈረስ አንዱ የለም ማለት ይቻላል።

ቮልስ 1300ን እንውሰድ። 40 የፈረስ ጉልበት አላት፣ በግምት 800 ኪሎ ትመዝናለች። ባሕር ዳርቻ ላይ እያንዳንዱ ፈረስ 20 ኪሎ ይጎትታል ማለት ነው። ማርቆስ ላይ ግን 40ው ፈረስ 30 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ወደ 27 ኪሎ ይሸከማል። መኪናዋ ባሕር ዳርቻ ላይ የነበራትን ቅልጥፍና እዚህ ልትመልስላት ብትፈልግ ክብደቷን ወደ 600 ኪሎ ማውረድ አለብህ። 200 ኪሎ! ሁለት ኩንታል ጤፍ ከመኪናዋ አውርድ እንደማለት ነው፤ ጤፉ ግን ገላዋ ነው።

ለዚህ ነው ደጋ ላይ ያለ ድሃ ተወዳዳሪ ከሞተር ይልቅ በመፍቻ የሚጀምረው። የሞተር ዕቃ በዶላር ይመጣል፤ መፍታት ነጻ ነው።

ሣር ላይ የተደረደረው

ወደ ግቢው እንመለስ። በሰፈሩ የታወቁ አንድ አንጋፋ መካኒክ ነበሩ (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው)፤ ወሬውን ሰምተው መጡ። ሣሩ ላይ የተደረደረውን አዩና "መዘናችሁት?" አሉ። አልመዘንም። "ሳይመዝኑ ማቅለል ጾም ሳይዙ መፈሰክ ነው" ብለው ከጎረቤት የእህል ሚዛን አስመጡ።

የኋላ ወንበር ከነመደገፊያው 18 ኪሎ። ስኮርታ 15። ክሪክና መፍቻ 5። ምንጣፍና ከወለሉ የተላቀቀው ሬንጅ መሰል የድምፅ መከላከያ 8። የፊትና የኋላ ፓራውልት 15። ሲደመር 61 ኪሎ። ከማለዳ እስከ ቀትር ተለፍቶ 61 ኪሎ!

ጋሼ እያንዳንዱን ዕቃ እያነሱ ያስጠኑን ጀመር።

"ይቺ ስኮርታ" አሉ፣ "ሦስት ሥራ አላት። አንድ፣ ጎማ ሲተነፍስ ትቀይርባታለህ። ሁለት፣ የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ አፍንጫዋ ቀላል ነው፤ ስኮርታዋ ፊት ተጋድማ መሬት ታስይዛታለች። ሦስት፣ የቤንዚን ታንኩም ፊት ነው ያለው፤ ስትጋጭ ስኮርታዋ እንደ ትራስ ትቀድማለች።" ቀጥለውም ሳቅ አሉና አራተኛ ጨመሩ፤ የመስታወት ማጠቢያውን ውኃ የሚገፋው የስኮርታዋ አየር ነው። እውነት ነው፣ ቮልስ እንዲህ ናት።

ከዚያ ባዶ የቀረውን የኋላ ወንበር ቦታ አሳዩን። የቮልስ ባትሪ ያለው እዚያ፣ ከወንበሩ ሥር ነው። የባትሪው ክዳን ከጠፋና ወንበሩ ላይ ከባድ ሰው ከተቀመጠ፣ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ያስነሳል። ወንበሩን ስታወጣ ደግሞ ባትሪው ራቁቱን ይቀራል። "ወንበር አወጣሁ ያልክ ዕለት ለባትሪው ቤት ሥራለት" አሉት።

ቅደም ተከተሉንም አስተማሩን። መጀመሪያ በእጅና በመፍቻ የሚወጣውንና መልሶ የሚገባውን አውጣ። ቀጥሎ ከጎማና ከቸርኬ ቀንስ፤ የሚሽከረከር ክብደት ከማይሽከረከር ይበልጥ ጉልበት ይበላልና። ከዚያ ኪስህ ከፈቀደ ከባዱን ክዳን በፋይበር፣ የጎን መስታወቱን በፕላስቲክ ቀይር። በመጋዝ የሚቆረጥና በትራፓኖ የሚበሳ ነገር ግን መጨረሻ ነው፤ ለታርጋ መኪና ደግሞ ባይመጣ ይሻላል። የበር ምሰሶ፣ ሻንሲ፣ የወንበር ቀበቶ፣ ፍሬን፣ ሞተሩን ከሰው የሚለየው ላሜራ አይነኩም።

"የእውነት ተወዳዳሪማ" አሉ፣ "ካወጣው ላይ መልሶ ያስገባል።" ልክ ናቸው። ብዙ ክለቦች ወንበርና ምንጣፍ አውጣ ይሉሃል፤ በምትኩ ሾፌሩን የሚጋርድ የብረት ቀፎ፣ እሳት ማጥፊያ፣ ጠንካራ ቀበቶ አስገባ ይሉሃል። ማቅለል ማለት ለካ መጣል ብቻ አይደለም፤ ለምቾት የተቀመጠውን ኪሎ አውጥቶ ለሕይወት በሚያስፈልገው መተካት ነው።

ሲቀል የሚከብድ ነገር

ይህን ትምህርት ዓለም በነጻ አላገኘውም። በሰኔ ወር 1955 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ፒየር ሌቬግ የሚነዳት መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭታ ወደ ተመልካቹ ተወረወረች። መኪናዋ እንድትቀል ገላዋ ከማግኒዥየም ቅይጥ ነበር የተሠራው። ማግኒዥየም ቀላል ነው፤ ሲነድ ደግሞ ውኃ ያባብሰዋል። ሌቬግና ከ80 በላይ ተመልካቾች ሞቱ። ብዙዎቹን የገደላቸው ስብርባሪው ቢሆንም፣ ያ ነጭ እሳት ከሰው ትዝታ አልጠፋም። በ1968 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሩዋን ላይ፣ ጆ ሽሌሰር ማግኒዥየም በበዛባት ሆንዳ ውስጥ ተቃጥሎ ሞተ።

የራሱ የቻፕማን ታሪክም ከዚህ አያመልጥም። የእርሱ ሾፌር ዮኸን ሪንት በ1969 ባርሴሎና ላይ የመኪናው ክንፍ ተሰብሮ ክፉኛ ተጋጨ። ከዚያ በኋላ ለቻፕማን ደብዳቤ ጻፈለት። ፍሬ ሐሳቡ፤ መኪኖችህ በጣም ፈጣን ናቸው፣ ጥቂት ኪሎ ጨምረህ ደካማዎቹን ቦታዎች ብታጠነክራቸውም አሁንም እናሸንፋለን የሚል ነበር። ጥቂት ኪሎ ነው የለመነው። በመስከረም 1970 ሞንዛ ላይ በልምምድ ሰዓት በሎተስ መኪናው ሞተ። የተጠረጠረው የፊት ፍሬኑ ዘንግ መሰበር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ በነጥብ የደረሰበት ስላልነበረ ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። እስከ ዛሬ እንዲህ ዓይነት ሻምፒዮን እርሱ ብቻ ነው።

ይህን ያነበብን ዕለት የግቢው ጨዋታ ሌላ መልክ ያዘብን። ጓደኛችን ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ማርቆስ ውስጥ የውድድር ሜዳ የለም። እንግሊዞች ከጦርነቱ የተረፉ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያዎች ነበሯቸው፤ ሲልቨርስቶን ራሱ የአየር ኃይል ጣቢያ ነበር። ለእኛ የቀረልን ባጃጅ፣ አህያና ተማሪ የሚመላለስበት አስፋልት ነው። የቀለለች መኪና ይዞ ሜዳ ያጣ ወጣት አንድ ሌሊት አስፋልቱን ሜዳ ሊያደርገው ይችላል። ፊት ለፊት ነገርነው። "መንገድ ላይ አልሞክራትም" ብሎ ማለልን። እኛም ጽፈን ያዝንበት፤ ይኸው።

እዚህ አሮጌ ርካሽ አይደለም

አንድ ነገር ግን አሁንም አልተፈታልንም ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ይህ ስፖርት የተወለደው አሮጌ መኪና ርካሽ ስለነበር ነው ብለናል። ብትሰባብራትም ሌላ አለ። እኛ ዘንድስ?

እኛ ዘንድ አሮጌ መኪና ሀብት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ከውጭ ላስገባ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጫነበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከለከለ። ቮልስ እንደሆነች የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታ፣ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ልጆች ትታ ተዘግቷል። ስለዚህ ማርቆስ ውስጥ የቮልስ በር የቆረጠ ሰው ቅርስ ቆርጧል ማለት ነው። መልሶ የሚገዛበት ሱቅ የለም። በዚያ ላይ በየዓመቱ ምርመራ አልፋ ቦሎ ካልተለጠፈላት የግቢ ጌጥ ሆና መቅረቷ ነው።

ይህን እየተከራከርን ሳለ እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሣሩን አዩ። የኋላ ወንበሩን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን።

"እኔስ የት ልቀመጥ ነው ልጄ?"

"እማዬ፣ አንቺማ ከፊት ትቀመጫለሽ።"

"ማኅበር የምንሄደውስ? ሦስት አይደለን እንዴ?"

መልስ ጠፋ። ጋሼ ሚዛኑን እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "61 ኪሎ ነበር ያልነው አይደል? ይኸው፣ ቀኑን ሙሉ ለፍተህ አንድ ሰው ነው ያወረድከው" አሉት።

ሁላችንም ሳቅን፤ እናቲቱም ጭምር። ጓደኛችን ግን ሲያስብ ቆየና ሳቀ። ላዳን ያወፈራት መንገዱ ነው ብለን ነበር። የቮልሷን የኋላ ወንበር ያስገቡት ደግሞ እነዚህ ሦስት ሴቶች ናቸው ማለት ነው። መኪና ላይ ያለ ኪሎ ሁሉ የሆነ ሰው፣ የሆነ መንገድ፣ የሆነ ፍርሃት ያስገባው ነው። ከማውጣታችን በፊት የማን እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው።

መፍትሔው ከታሪኩ ውስጥ ነበር። የጥንቶቹ የክለብ ተወዳዳሪዎች ብዙዎቹ መኪናቸውን ጭነው አይደለም የሚሄዱት፤ ራሷን እየነዱ ሜዳ ይደርሳሉ፣ ስኮርታና ወንበር አውርደው ዳር ያስቀምጣሉ፣ ይወዳደራሉ፣ መልሰው ገጥመው ወደ ቤታቸው ይነዳሉ። የቮልስ የኋላ መቀመጫ ደግሞ ያለ መፍቻ ብድግ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ስምምነት ተደረሰ። የማይቆረጥ፣ የማይበሳ፣ የማይበየድ። የሚወጣ ሁሉ የሚመለስ። የድምፅ መከላከያው ሬንጅ ብቻ ላይመለስ ተፈረደበት (8 ኪሎ ከነምንጣፉ አይደለች? ምንጣፉ ተመልሷል)። ለባትሪው አዲስ ክዳን ተሠራለት። ሁለት የሚበልጡ ሥራዎችም ተጨመሩ፤ ከፊት የወንበር ቀበቶ ይታሰራል፣ አራቱም ታምቡር ፍሬኖች ተፈትተው ይታያሉ። ዓባይ በረሃ የማይቀር ነው፤ ውድድር ቢገኝ አዲስ አበባ ነውና፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን በዚያ ነው የሚወረደው።

እሑድ ጠዋት ቮልሷ ስታልፍ አይተናታል። እናቱና ሁለት ጎረቤቶቻቸው ተሳፍረዋል፤ ከኋላ ሁለት፣ ከፊት አንድ። ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። ጓደኛችን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ዛሬ በሙሉ ክብደት ነን!" ብሎን አለፈ።

ሜዳ ያላችሁ ንገሩን። ቮልሷም እኛም ዝግጁ ነን።

ቸር እንሰንብት!